ድንጋይን በመሬት ውስጥ አግሎ ዘይት ማውጣት፤ የክቫርንቶርፕ ታሪክ

ነዳጅ ዘይት ከጉድጓድ እየፈለቀ ብቻ የሚወጣ ለሚመስለው ሰው፤ ዘይት ከድንጋይ ይገኛል ቢሉት ተረት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ሼል የሚባለው፤ በስሱ የተነባበረ ጥቁር ድንጋይ፤ በጥንት ባሕር ይኖሩ ከነበሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት የተገኘ ኬሮጅን የተባለ ነገር በውስጡ ይዞ ይገኛል። ኬሮጅን ራሱ ዘይት አይደለም፤ አየር በማያገኝበት ቦታ በብርቱ ሲግል ግን ተለውጦ ዘይትና ጋዝ ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው፤ ስዊድኖች ይህን ድንጋይ ሳይቆፍሩ በተኛበት አግለው ዘይቱን ያወጡበትን ዘዴና ዘዴው የቀረበትን ምክንያት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሼል ዘይት ማውጣት በስዊድን የተጀመረ ሥራ አይደለም። በስኮትላንድ ይህ ኢንዱስትሪ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ተስፋፍቶ እስከ 1962 ድረስ ቆይቷል። የዚያ አገር ሠራተኞች ድንጋዩን ቆፍረው ያወጣሉ፤ ይሰባብራሉ፤ በምድጃ ያግሉታል፤ የቀረውንም ከሜዳ ላይ ይከምሩታል። እንግዲህ ዘይቱ ጥቂት፤ ድካሙና ክምሩ ብዙ ነበር።

በስዊድን ኔርኬ በተባለው አውራጃ የሚገኘው ሼል ዕድሜው 500 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የአገሩ ሰዎች ድንጋዩን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ለቆዳ ማልፊያና ለጨርቅ ማቅለሚያ የሚሆን አልም የተባለ ጨው ያወጡበት ነበር፤ ኖራም ለማቃጠል ማገዶ አድርገውታል። ከዚህ እንደምንረዳው ድንጋዩ እሳት እንደሚይዝ የታወቀው ከሊቃውንት ምርምር አስቀድሞ ነው።

ሥራውን ያፋጠነው ግን ጦርነት ነው። ጀርመን በሚያዝያ ወር 1940 ዴንማርክንና ኖርዌይን ስትይዝ፤ ገለልተኛ የነበረችው ስዊድን ወደ ምዕራብ የሚወስደው የባሕር መንገዷ ተዘጋ፤ ከውጭ ይገባ የነበረው ነዳጅም ተቋረጠ። አውቶሞቢሎች ከእንጨትና ከከሰል በሚወጣ ጋዝ እስከ መሄድ ደረሱ። መንግሥቱም በ1941 የሼል ዘይት ኩባንያ አቋቁሞ ከኦሬብሮ ከተማ በስተ ደቡብ በክቫርንቶርፕ ሥራ አስጀመረ። በዚያ ልዩ ልዩ ዓይነት ምድጃዎች ሲተከሉ፤ ከምድጃዎቹ ጎን ግን አንድ አዲስ ዘዴ ተሞከረ።

የዚህ ዘዴ ፈልሳፊ ፍሬድሪክ ዩንግስትሮም (1875–1964) ከወንድሙ ከቢርየር ጋር በሠራው የእንፋሎት ተርባይን ስሙ የታወቀ መሐንዲስ ነበር። አሳቡም ድንጋዩን ወደ ምድጃ ማምጣት ቀርቶ ሙቀቱን ወደ ድንጋዩ መውሰድ ነው። ለዚህም እስከ ሼሉ ድረስ የሚዘልቁ ቀጫጭን ጉድጓዶች፤ እርስ በርሳቸው ሁለት ሜትር ያህል ተራርቀው፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ እየሠሩ ይቆፈራሉ። በየጉድጓዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገባል። በስድስቱ መካከል ያለው ጉድጓድ ደግሞ ተንኖ የሚወጣውን ዘይትና ጋዝ ይቀበላል። ድንጋይ ሙቀትን ቶሎ ስለማያስተላልፍ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እስኪደርስ ድረስ ወራት ይፈጃል። የተነነው ሲቀዘቅዝ ወደ ዘይትነት ይመለሳል፤ ጋዙም ለብቻው ይሰበሰባል። ቀስ ብሎ የጋለው ድንጋይ የሚሰጠው ዘይት ከምድጃው ዘይት የቀለለና ለቤንዚን የተስማማ ነበር።

ስዊድን የዘይት ጉድጓድ አልነበራትም፤ ፏፏቴ ግን ነበራት። ስለዚህ ዩንግስትሮም ያደረገው በአጭሩ ሲነገር ወንዝን ወደ ቤንዚን መለወጥ ነው። ባሕሩ በተዘጋበት ዘመን ይህ ልውውጥ ዋጋ ነበረው። ሰላም ከወረደና መርከቦች ርካሽ ዘይት ማምጣት ከጀመሩ በኋላ ግን የክቫርንቶርፕ ዘይት ሊወዳደር አልቻለም፤ ሥራውም በ1966 ተዘጋ። ከምድጃዎቹ የወጣው አመድና ፍርፋሪ ከሜዳው በላይ 100 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ኮረብታ ሆኖ ቀረ። ፋብሪካው ከተዘጋ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላም ውስጡ እንደ ጋለ ነው።

አንዳንዶች ዘዴው ስላልሠራ ቀረ ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሼል የተባለው ታላቅ የነዳጅ ኩባንያ፤ ስሙ ከድንጋዩ ስም ጋር ቢመሳሰልም ግንኙነት የለውም፤ በአሜሪካ በኮሎራዶ ይህንኑ አሳብ በሰፊው ሞክሯል። በ2004 እና በ2005 ከአንድ ጠባብ ቦታ 1,700 በርሜል ያህል ቀላል ዘይት አወጣ። የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ጋለው ድንጋይ እንዳይገባና እንዳይበከል፤ በዙሪያው ያለውን መሬት አቀዝቅዞ የበረዶ ግድግዳ እስከ መሥራት ደርሷል። ይሁን እንጂ በ2013 ሥራውን ተወው። በሁለቱም ቦታ ዘይቱ ወጥቷል። ዕጣውን የወሰነው የድንጋዩ ጠባይ ሳይሆን ለማጋያ የሚወጣው ኃይል፤ የሚፈጀው ጊዜና የሌላው ዘይት ዋጋ ነው ብለን እናምናለን።

ይህ ነገር አገራችንንም ይመለከታል። በጅማ አካባቢ በደልቢና በሞዬ ዘይት ያለው ሼል እንደሚገኝ በጥናት ታውቋል፤ ከወንዞቻችንም የኤሌክትሪክ ኃይል እናገኛለን። ስለዚህ የስዊድንን መንገድ ብንከተልስ የሚል አሳብ ቢነሣ አያስደንቅም። ነገር ግን በ1941 ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ አውቶሞቢል ማስገባት እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ ስለዚህ በድንጋይ በኩል መዞር ግድ ነበር። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስትከለክል በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን መርጣለች። ያ ረጅም መንገድ ለእኛ ግዴታ አይደለም ማለት ነው። የክቫርንቶርፕ ሰዎች በችግር ቀን ያደረጉትን እናደንቃለን። ነገር ግን ብልኃታቸውን ከመቅዳታችን በፊት ችግራቸው የእኛም ችግር መሆኑን መጠየቅ ይገባናል።