ሰማዩን ማን ዘጋው?



ሰኔ ገብቶ ራሃድ ገና አሸዋውን አስጥቶ በተኛበት ሰሞን፣ በመፋዛ ከድንኳን ድንኳን የሚዞረው ወሬ አንድ ነው፤ ይኸውም የዝናብ ነገር ነው። አንዱ ዓመት ይዘገያል፤ ሌላው ዓመት ደግሞ ሀቡቡ አቧራውን አልብሶን ሳይጨርስ ዶፉ ይወርድና ጥቁሩ አፈር እግር ይይዛል። ሽማግሌዎቻችን «ኃጢአታችን በዛ» ይላሉ። ገበሬዎቻችን የደኑን መመንጠር ያነሣሉ። ተማሪዎቻችን «ኤልኒኞ» የምትባለውን ቃል ከራዲዮ ለቅመዋል። ሦስቱንም ሰምተን፣ ታሪክ ምን ይላል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን። ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጆቹን እ.ኤ.አ. ብለን እንለያለን።

ሰማይ ሲዘጋ ጥፋተኛ መፈለግ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ11ኛው መቶ ዓመት፣ በኸሊፋው በአል ሙስተንሲር ዘመን፣ በግብፅ የአባይ ሙላት ጎደለ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሚካኤል ውሃውን እንዲለቅ የኢትዮጵያን ንጉሥ ለመለመን ተላኩ ብለው የግብፅ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ነገር ግን በዚያ ዘመን አባይን ሊገድብ የሚችል ክንድ አልነበረም። የጎደለው በደጋችን ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነበር። ይህ የምናየው ራሃድ እንኳ አገር ቤት ሽንፋ የምንለው ወንዝ ነው። እኛ ድንበሩን ሳንሻገር በፊት ዝናባችን ተሻግሮ ነበር።

ወደ ክፉ ቀን እንምጣ። የኢጣልያ ጦር በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ገባና በ1880 በሬዎቹን ፈጀ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ከዳ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ። የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሰው ምሳሌ ሆኑ ይባላል። መከራው እስከ 1884 ዘለቀ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚል ግምትም አለ።

ታዲያ በዚያው ጊዜ ከድንበሩ ወዲህ፣ ዛሬ እኛ በተጠለልንበት አገር፣ ምን ነበረ? ሱዳኖች «ሰነት ሲታ»፣ የስድስት ዓመት፣ ብለው የሚጠሩት ረሃብ ነበረ፤ ስሙን ያገኘው ከ1306 ዓመተ ሂጅራ ነው። ያው ክረምት፣ ያው ሰማይ ማለት ነው። ሆኖም መጋቢት 1 ቀን 1881 የአፄ ዮሐንስ ሠራዊትና የዘኪ ጡማል ሠራዊት መተማ ላይ ተገናኙ። ንጉሡ በዚያ ቆስለው አረፉ። ሰማይ ለሁለቱም ነፍጎ ሳለ፣ የተረፈውን እህል ሠራዊት በላው፤ የተረፈውን ገበሬ ጦርነት በተነው። የመተማን ጦርነት በየትምህርት ቤቱ አስተምረናል፤ ጦርነቱ የተደረገው በሁለት የተራቡ ሕዝቦች መካከል መሆኑን ግን ብዙም አላስተማርንም።

እንግዲህ ሰማዩን ማን ዘጋው? እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የሕንድን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የመራው እንግሊዛዊው ጊልበርት ዎከር፣ የዓለምን የአየር ግፊት በሒሳብ ሲያነጻጽር የአባይንም ሙላት ጨምሮ ነበር። የሩቅ አገሮች አየር እንደ ሚዛን፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚወርድ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1969 ያዕቆብ ብየርክነስ ይህን ሚዛን ከሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር አያያዘው። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ሙቀቱ በገና ሰሞን ስለሚመጣ ኤልኒኞ፣ ሕፃኑ፣ ይሉታል። ውሃው በዚያ ሲሞቅ አየር በዚያ ይነሣል፤ በኛ በኩል ግን ይጫናል፤ የክረምቱ ነፋስም ይደክማል። በ1880 ይኸው ኤልኒኞ ነበረ።

የ1976 ክረምት ግን ሌላ ነው፤ ኤልኒኞው አልፎ ሳለ ከሴኔጋል እስከ ወሎ ሰማዩ ተዘጋ። ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ጁል ቻርኒ የተባለ የአሜሪካ ሊቅ መንጋ ሣሩን ሲጨርሰው የተራቆተው ምድር ብርሃኑን እየመለሰ ዝናብ ያርቃል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ጣቱ ወደ ፍየልና ወደ እረኛ አመለከተ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን ዋናው ምክንያት የውቅያኖሶች ሙቀት መዛባት መሆኑን አሳዩ። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው የድኝ ጭስ ፀሐይን ከልሎ የሰሜን አትላንቲክን ውሃ ማቀዝቀዙ፣ የዝናቡንም መቀነት ወደ ደቡብ መግፋቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ደን መመንጠር አፈርን ያጥባል፣ ምንጭን ያደርቃል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ያን ድርቅ ያመጣው የወሎ ገበሬ ኃጢአትም መጥረቢያም አይደለም።

ድርቁ ከሰማይ ነው ካልን፣ ረሃቡስ? እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር አማርትያ ሴን ጽፏል። ገበሬው ያጣው መግዣውን ነበር። በመስከረም 1977 ደርግ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በድግስ ሲያከብር ሰሜኑ ያልቅ ነበር። በዚያው ዓመት የሱዳኑ ኒሜሪም ረሃቡን አምኖ ለመናገር አመነታ፤ መጋቢት 28 ከሥልጣን ወረደ። በአንጻሩ በ2008 ብርቱ ኤልኒኞ መጥቶ በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ሲያስፈልገው፣ እህሉ በጊዜ ስለደረሰ እንደ 1977 ያለ እልቂት አልሆነም። በሐምሌ 2016 ደግሞ በዳርፉር በዘምዘም ሰፈር ረሃብ መግባቱ ታወጀ። ያ ክረምት በሱዳን ጎርፍ የበዛበት ነበር። ረሃቡን ያመጣው ጦርነት እንጂ ድርቅ አልነበረም።

ስለሆነም ፍርዱን እንለይ። ሰማዩ ድንበር አያውቅም፤ ሲነፍግም ሲሰጥም ለጎንደርና ለገዳሪፍ እኩል ነው። ማን በልቶ ማን እንደሚራብ የሚወስነው ግን ሰው ነው። ይህን ያልለየ ሕዝብ በደሉን ሁሉ በሰማይ ላይ ይጥላል፤ ጎተራ የቆለፈውም በሰላም ይኖራል።

በበኩላችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከትምህርት ቤታችን ደጃፍ አንድ ቀጥ ያለ ጣሳ ይቀመጥ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ተማሪዎች በማስመሪያ እየለኩ፣ ቀኑን ጽፈው በደብተር ያስፍሩ። ከጎኑ በሌላ ደብተር እናቶችና ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ይጻፍ፤ በየትኛው ዓመት ዝናቡ እንደቀረ፣ በዚያም ዓመት እህሉ የት እንደነበረ። ሁለተኛውን ደብተር የምትሞሉልን እናንተ ናችሁ።