ስለ ዘር ቈጠራና ስለ አንዲት ጥቁር ጊደር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የአያትህን አባት ስም ታውቃለህን? እዚህ መልካ ጀብዱ ላይ የሱማሌ ጎረቤቶቻችን ልጆች አብቲርሲ የሚሉትን የአባቶች ሐረግ ገና በልጅነታቸው ያነበንቡታል። የእኛዎቹ ግን ከአያት አልፈው ሲጠየቁ አንገታቸውን ያቀረቅራሉ። እኔም በወጣትነቴ ከእነርሱ የተሻልሁ አልነበርሁም። የማውቀው የአያቴ አባት በመንዝ ርስተኛ ገበሬ እንደ ነበረ ብቻ ነው፤ በዚህም እጅግ እኮራ ነበር።

በእንግሊዝ አገር የገበሬ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ሥራው ቀላል ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1841 ጀምሮ ሕዝቡ በስም እየተጻፈ ተቈጥሯል፤ መዝገቡም መቶ ዓመት ሲሞላው ለሁሉ ይከፈታል። የቤተ ሰቡ ስም ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። በእኛ አገር ግን ስም በየትውልዱ ይለወጣል። የመላው አገር ሕዝብ መጀመሪያ የተቈጠረውም በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ቈጠራውም ድምሩን ለአገር ይገልጻል እንጂ የእያንዳንዱን ቤት ቅጽ ለማንም አያሳይም። ስለዚህ ለእኛ የቀረልን ኑዛዜ ነው።

የቀድሞ ገበሬ ሞቱ የቀረበ ሲመስለው የነፍስ አባቱንና ሽማግሎችን አስጠርቶ ዕዳውን፣ የተዝካሩን ወጪ፣ ከዚያም መሬቱንና ከብቱን ይናዘዝ ነበር። ጽሕፈት የሚያውቅ ደብተራ ከተገኘ ቃሉ ይጻፋል፤ በመጨረሻም ኑዛዜውን የሚያፈርሰውን የሚገዝት ቃል ይገባበታል። ችግሩ ተናዛዡ በክርስትና ስሙ ሲጻፍ የግብር ደረሰኙ በዓለም ስሙ መሆኑ ነው፤ አንዱን ሰው ሁለት ሰው ያስመስለዋል። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ ዘር መቁጠር ራሱ የዳኝነት ማስረጃ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ግን ያ ቈጠራ ጥቅሙ ቀረ፤ በዘመዶቼም ቤት ብዙው ወረቀት የአይጥ ቀለብ ሆነ።

በ1985 ዓ.ም. ወደ መንዝ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ዘመዴ ከዳዊት ማኅደር ውስጥ በ1919 ዓ.ም. የተጻፈ የታጠፈ ወረቀት አወጡልኝ። ለሁለቱ ታላላቅ ወንድሞች እርሻው ከነወሰኑ ተቈጥሮ ተሰጥቷል። ለአያቴ ግን አንድ በሬ ብቻ! በሚስዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ሰዎች ጽሑፍ ስታገኝ እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ ይሉኝ ነበርና አነበብሁ። ከግዝቱ በላይ፣ «በቤቴ ላደገችው» ተብሎ አንዲት ሴት በክርስትና ስሟ ተጽፋለች፤ የተተወላትም አንዲት ጥቁር ጊደር ናት። የምስክሮቹ ሁሉ የአባት ስም ሲጻፍ የእርሷ የለም።

ስሙን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ በሴት አያቴ ፍትሐት ላይ ካህናቱ የጠሩት ነው። አያቴም በሕይወቷ ሳለች፣ «ወደ ድሬዳዋ ያመጣችን ጥቁር ጊደር ናት» ትለን ነበር፤ እኛ ልጆቹም በጊደሯ ጀርባ ተቀምጠው የመጡ ይመስለን ነበር። ለካ ሸጠዋት ነው የተሳፈሩት።

«ልጄ፣ እጠፈው» አሉኝ ሽማግሌው። «እርሷ ከሩቅ አገር በሕፃንነቷ የመጣች ናት፤ ማን እንዳመጣት አይጠየቅም። አያትህ አገባታለሁ ቢል አባቱ ከመሬቱ ነቀለው።»

ያን ጊዜ ሰው ይሸጥና ይለወጥ ነበር፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። አያቴ እድሉን ፍለጋ ወደ ባቡሩ ሥራ ወረደ፣ በኋላም መልካ ጀብዱ ላይ አረሰ ሲባል የሰማሁት ታሪክ ሐሰት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበረ እንጂ። እውነቱን ልናገር፣ በመንገድ ሳለሁ ወረቀቱን ለልጆቼ እንዳላሳይ ቈርጬ ነበር። ስለ ርስተኛው ቅድመ አያቴ በየክፍሉ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ!

በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ ሆነ። ወደ ቤቴ የመጣው ቈጣሪ የቀድሞ ተማሪዬ ነበረ። ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋ እያለ ጠየቀኝና፣ «ጋሼ፣ ብሔረሰብ?» አለ። አባቴ ይመልስ እንደ ነበረው መለስሁ፤ እርሱም ጻፈ። ስለ አያት የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ አልነበረም። በዚያ ቈጠራ በድሬዳዋ 251,864 ሰው ተገኘ፤ እኔም አንዱ ነኝ።

በዚያው ማታ ልጆቼን ሰብስቤ ወረቀቱን አነበብሁላቸው፤ የዘር ሐረጋችንንም በትልቅ ወረቀት ላይ ሣልሁ። በወንዱ አያቴ በኩል እስከ ሰባት አባት ሞላ። በሴቷ አያቴ በኩል የክርስትና ስሟን ጽፌ ከላይዋ መስመር አሰመርሁ።

«አባዬ፣ እዚህ ማን ይጻፍ?» አለች ትንሿ ልጄ።

«መስመሩን ተይው፣ አትደምስሺው» አልኋት።