የሞተር ሳይክል መቀመጫ

የሞተር ሳይክል መቀመጫ (በተለምዶ ኮርቻ) የሞተር ሳይክል ነጂና ተሳፋሪ የሚቀመጡበት ክፍል ነው። የሰውነትን አብዛኛውን ክብደት ይሸከማል፤ ከመንገድና ከሞተሩ የሚመጣውንም ንዝረት ያለዝባል። የመቀመጫ ምቾት የቅንጦት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለረጅም ሰዓት በመጥፎ መቀመጫ ላይ የተጓዘ ነጂ ወገቡ ይታመማል፣ እግሩ ይደነዝዛል፣ ትኩረቱም ይቀንሳል፤ የደከመ ነጂ ደግሞ ለአደጋ የቀረበ ነው።

ጉዳዩ ሞተር ሳይክል የዕለት ሥራ መሣሪያ በሆነባቸው አካባቢዎች ይበልጥ ይከብዳል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የካፋ ዞንና ዋና ከተማው ቦንጋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ገዢዎች ስለ ምቾት የሚያነቧቸው የባለሙያ ግምገማዎች ግን በአብዛኛው በሌላ አገር፣ በሌላ መንገድና በሌላ ዓይነት አጠቃቀም ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚታመኑ መመርመር ያስፈልጋል።

ስያሜ

«ኮርቻ» የሚለው ቃል ከፈረስና ከበቅሎ ዕቃ የመጣ ነው። የመኪና መንገድ ከመዘርጋቱ በፊት በካፋም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ደጋ አገር የሩቅ መንገደኛ የሚጓዘው በእግር ወይም በጋማ ከብት ነበር። የበቅሎ ኮርቻ ከእንጨትና ከቆዳ ይሠራል፤ ከላዩ ግላስ ወይም አጎዛ ይነጠፍበታል። አጎዛ ጠጉሩ ሳይነሳ የለፋ የበግ ቆዳ ነው። ጠጉሩ ክብደትን ያከፋፍላል፣ አየር ያሳልፋል፣ ላብንም ይቀንሳል። ዛሬም በልዩ ልዩ አገር የረጅም ርቀት ሞተረኞች በዚሁ ምክንያት የበግ ለምድ በመቀመጫቸው ላይ ያነጥፋሉ።

ታሪክ

በነዳጅ ሞተር የሚሠራው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1885 በጀርመን በጎትሊብ ዳይምለርና በቪልሄልም ማይባህ የተሠራው ነው። አካሉ ከእንጨት፣ መቀመጫውም የፈረስ ኮርቻ በመሰለ መልክ ከቆዳ ነበር። የሞተሩ ማቀጣጠያ ከመቀመጫው ሥር ስለነበረ የዳይምለር ልጅ ፓውል ለሙከራ ሲነዳው ኮርቻው እሳት እንደያዘ ይነገራል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ ሞተር ሳይክሎች የኋላ አሞርቲዛተር (ሾክ) አልነበራቸውም። ስለዚህ ከቆዳው ኮርቻ ሥር የብረት ሞላዎች ይገጠሙ ነበር። የኋላ ጎማ ሾክ እየተስፋፋ ሲሄድ ባለ ሞላው ኮርቻ ቀርቶ፣ ለሁለት ሰው የሚሆነው ረጅምና ጠፍጣፋ መቀመጫ ተለመደ። የውስጡ መሙያም ፖሊዩሬታን የተባለው ሰው ሠራሽ ስፖንጅ ሆነ። የዚህ ንጥረ ነገር ኬሚስትሪ እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየር የተገኘ ነው።

አሠራር

የዛሬ መቀመጫ በአብዛኛው ሦስት ክፍሎች አሉት፦

- መሠረት፦ ከብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራና በሻንሲው ላይ የሚታሰር፤
- ስፖንጅ፦ ክብደትን የሚያከፋፍልና ንዝረትን የሚውጥ፤
- ሽፋን፦ ብዙውን ጊዜ ውሃ የማያስገባ ሰው ሠራሽ ሌዘር።

የስፖንጅ ጥራት በልስላሴው ብቻ አይለካም። ጥቅጥቅነቱ (በአንድ ሜትር ኩብ ያለው ክብደት) ዕድሜውን ይወስናል፤ ጥንካሬው ደግሞ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ይወስናል። በጣም የለሰለሰ ስፖንጅ ክብደት ሲያርፍበት እስከ መሠረቱ ይረግጣል። ከዚያ በኋላ ነጂው የተቀመጠው በስፖንጅ ላይ ሳይሆን በፕላስቲኩ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ሲቀመጡበት እጅግ የሚመች መቀመጫ ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ የሚያሠቃየው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ መጀመሪያ ደረቅ የሚመስል መቀመጫ ለሩቅ መንገድ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ምቾትን የሚወስኑ ነገሮች

የሰውነት ክብደት። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱ በዋናነት በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ያርፋል። መቀመጫው ጠባብ ወይም ቅርጹ የማይስማማ ከሆነ ግፊቱ ወደ ብሽሽትና ወደ ጭን ይዛወራል፤ የደም ዝውውርም ይታገዳል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለሁሉም የሚመች አንድ መቀመጫ የለም።

የአቀማመጥ ቅርጽ። በመቀመጫው፣ በመሪውና በእግር መርገጫው መካከል ያለው ርቀት የጉልበትን፣ የወገብንና የእጅ አንጓን ሁኔታ ይወስናል። ወደ ፊት ያዘነበለ መቀመጫ ነጂውን ወደ ነዳጅ ታንከሩ ይገፋዋል፤ በቁልቁለት ላይ ይህ ይብሳል፤ ክብደቱም ወደ እጅ አንጓ ይሄዳል።

ከፍታ። ከፍ ያለ መቀመጫ ለጉልበት ይመቻል፤ ነገር ግን አጭር ነጂ ሲቆም እግሩ መሬት አይደርስም። ይህ በተለይ በጭቃና በተዳፋት ላይ አደገኛ ነው።

ንዝረት። የተቀመጠ ሰው አካል ከ4 እስከ 8 ኸርዝ በሚደርስ የላይና ታች ንዝረት በጣም ይናወጣል፤ ይህ የአከርካሪ አጥንትን ይበልጥ የሚጎዳው ክልል ነው። የንዝረት አለካክ አይኤስኦ 2631 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ የአንድ ሠራተኛ የ8 ሰዓት የመላ አካል ንዝረት ከ1.15 ሜትር በሰከንድ ካሬ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አሠሪው ንዝረቱን የሚቀንስ እርምጃ መውሰድ የሚጀምረውም 0.5 ሲያልፍ ነው።

የጠጠር መንገድ ብዙ ተሽከርካሪ ሲመላለስበት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ ያወጣል። በሞገዶቹ መካከል ያለው ርቀት 0.7 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በሰከንድ 6 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም ሰውነት በጣም ከሚናወጥበት ክልል ውስጥ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ምቱ ወደ 16 ይደርሳል፤ ሾኩና ስፖንጁም ይህን ፈጣን ምት በተሻለ ይውጡታል። ነጂዎች በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምሩ መንገዱ «የለሰለሰ» የሚመስላቸው ለዚህ ነው። ሆኖም በዚያ ፍጥነት ጎማው መሬቱን በደንብ ስለማይዝ ፍሬንና ጥምዝ አስቸጋሪ ይሆናሉ፤ ምቾቱ የሚገኘው ደህንነትን በመክፈል ነው።

በቦንጋና በካፋ ዞን

ቦንጋ ከአዲስ አበባ ወደ 460 ኪሎ ሜትር፣ ከጅማ ደግሞ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዞኑ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። የቡና መገኛ በመባል የሚታወቅ ሲሆን ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ለመቀመጫ ምቾት ጉዳይ ሦስት የአካባቢው ባሕርያት ይጠቀሳሉ።

የመጀመሪያው መልክዓ ምድሩ ነው። ከጅማ የሚመጣው አስፋልት ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ወደ ቦንጋ ይወጣል፤ ከዚያም በውሽውሽ በኩል ወደ ሚዛን ይዘልቃል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ዴቻ፣ ጨና፣ አዲዮና ሌሎች ወረዳዎች ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ ግን በአብዛኛው ጠጠር ወይም አፈር ነው። አንድ ነጂ በአንድ ቀን ለስላሳ አስፋልት፣ ረጅም ቁልቁለትና ሞገዳማ ጠጠር ያገኛል።

ሁለተኛው ዝናቡ ነው። በቦንጋ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ የዝናቡም ወራት ረጅም ናቸው። ውሃ በሽፋኑ ስፌት ገብቶ ስፖንጁን ካራሰው መቀመጫው ለቀናት አይደርቅም። እርጥብ ስፖንጅ ይከብዳል፣ ይሻግታል፣ ቶሎም ይፈራርሳል።

ሦስተኛው አጠቃቀሙ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ የክትባት ሳጥን የሚያደርስ የጤና ባለሙያ፣ ቡና የሚሰበስብ ነጋዴና በሞተር ሰው የሚያመላልስ ወጣት ሁሉም በዚሁ መሣሪያ ይሠራሉ። መቀመጫው የተሠራው ለሁለት ሰው ቢሆንም ከኋላ ተሳፋሪና ጭነት አብረው ሲጫኑ ነጂው ወደ ፊት ወደ ጠባቡ ክፍል ይገፋል። የኋላው ሾክ ሞላም ከልክ በላይ ስለሚጨመቅ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ምቱ በቀጥታ ወደ ወገብ ይደርሳል።

በገበያው ከሚታዩት መካከል የሕንዱ ባጃጅ ቦክሰር ረጅምና ጠፍጣፋ መቀመጫ አለው። የያማሃ ኤጂ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ለእርሻ ሥራ የታሰቡ በመሆናቸው የዕቃ መጫኛ አላቸው። ሁለቱ የታሰቡበት ሥራ የተለያየ ስለሆነ «የትኛው ይመቻል?» የሚለው ጥያቄ «ለማን? በየትኛው መንገድ?» ካልተባለ መልስ የለውም።

የባለሙያ ግምገማዎች ተዓማኒነት

የሞተር ሳይክል ግምገማ የቆየ የጋዜጠኝነት ዘርፍ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካው ሳይክል ወርልድ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1962 ተመሠረተ። ግምገማዎች በአብዛኛው በሁለት መንገድ ይዘጋጃሉ። አንደኛው የምረቃ ሙከራ ነው፦ አምራቹ ጋዜጠኞችን ጋብዞ፣ ወጪያቸውን ችሎ፣ በመረጠው መንገድ ላይ አዲስ ሞተር ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያስነዳቸዋል። ሁለተኛው የረጅም ጊዜ ሙከራ ነው፦ ገምጋሚው አንዱን ሞተር ለወራት ይጠቀምበታል።

ግምገማ ሊለካ በሚችል ነገር ላይ ብዙ ጊዜ ይታመናል፤ የመቀመጫ ከፍታ፣ ክብደት፣ የነዳጅ ፍጆታና የፍሬን ርቀት በቁጥር ይገለጻሉ። ምቾት ግን አራት ችግሮች አሉበት፦

1. ጊዜ፦ የመቀመጫ ሕመም በአብዛኛው ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ነው። በምረቃ ሙከራ ላይ ለፎቶግራፍና ለምግብ በየጊዜው ስለሚቆም ይህ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።
2. አካል፦ ገምጋሚው የራሱን ቁመትና ክብደት ካልገለጸ «ይመቻል» የሚለው ቃል ለአንባቢው ብዙም አይነግረውም።
3. የስፖንጅ እርጅና፦ የሚፈተነው አዲስ ስፖንጅ ነው። ከአንድ ክረምት በኋላ ያለውን ሁኔታ የሚያሳየው የረጅም ጊዜ ሙከራ ብቻ ነው።
4. ጥቅም፦ ብዙ መጽሔቶች የሚተዳደሩት ከሚገመግሟቸው አምራቾች በሚያገኙት ማስታወቂያ ነው። ይህ ገምጋሚውን ውሸታም አያደርገውም፤ ነገር ግን ነቀፋው እንዲለዝብ ሊያደርግ ይችላል።

ለአራተኛው ችግር የተለያዩ መፍትሔዎች ተሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው የአሜሪካው ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚፈትነውን ዕቃ ራሱ ይገዛል፤ የንግድ ማስታወቂያም አይቀበልም። ሞተርሳይክል ኮንሱመር ኒውስ የተባለውም መጽሔት ያለ አምራቾች ማስታወቂያ ለብዙ ዓመታት ታትሟል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ ክፍያ ወይም ነፃ ዕቃ ተቀብለው ስለ ምርት የሚጽፉ ሰዎች ይህን እንዲገልጹ ጠይቋል። በኢትዮጵያ ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ።

ከጥቅም ግጭት የጸዳ ግምገማ እንኳ ለካፋ ነጂ በቀጥታ ላይሠራ ይችላል። በአውሮፓ አስፋልት ላይ ብቻውን የተጓዘ ገምጋሚ የጻፈው እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን ለዚያ መንገድና ለዚያ ሰው ነው። ጎረቤት የሆነ ነጂ ወይም የሞተር ጠጋኝ ምስክርነት ለአካባቢው ይበልጥ ይቀርባል። እርሱም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው፦ ሰው በብዙ ገንዘብ የገዛውን ነገር መንቀፍ ይከብደዋል፤ የለመደውንም ሕመም እንደ ተራ ነገር ይቆጥረዋል።

የረጅም ርቀት ነጂዎች ልምድም ትምህርት ይሰጣል። አይረን በት አሶሲየሽን የተባለው የአሜሪካ ማኅበር በ24 ሰዓት 1,000 ማይል (1,609 ኪሎ ሜትር) ለሚጓዙ አባላቱ ማረጋገጫ ይሰጣል። ከእነዚህ ነጂዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የመጣውን መቀመጫ ትተው በልካቸው ያሠራሉ። የፋብሪካ መቀመጫ ለአማካይ ሰው የተሠራ ነው፤ በልክ የተሠራው ግን ለአንድ ሰው ነው።

ከመግዛት በፊት መፈተን

ግምገማ አማራጭን ለማጥበብ ይረዳል፤ የመጨረሻው ፈተና ግን የገዢው አካል ነው። የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ፦

- የሚቻል ከሆነ ተመሳሳይ ሞዴል ካለው ሰው ጋር ተስማምቶ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት፣ በጠጠር ጭምር መንዳት፤
- ሁለቱም እግሮች መሬት መድረሳቸውን በተዳፋት ላይ ማየት፤
- ተሳፋሪ ከኋላ አስቀምጦ የሾኩንና የመቀመጫውን ሁኔታ መመልከት፤
- ስፖንጁን በጉልበት ተጭኖ መሠረቱ የሚነካ መሆኑን ማረጋገጥ፤
- አንድ ዓመት ያህል ያገለገለ ተመሳሳይ መቀመጫ ስፌቱና ስፖንጁ እንዴት እንደሆነ ማየት።

ጥገናና ማሻሻያ

ያረጀ መቀመጫ በልብስና በወንበር ሰፊዎች ዘንድ በቀላል ወጪ ሊታደስ ይችላል። ነገር ግን የፍራሽ ስፖንጅ ለዚህ ሥራ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይረግጣል። ስፖንጅ ሲጨመር የመቀመጫው ከፍታ እንደሚጨምርም መዘንጋት የለበትም። በዝናባማ አካባቢ ስፌቱ ሰውነት በሚያርፍበት በላይኛው ገጽ ላይ ባይሆን ይመረጣል፤ ከሽፋኑ በታች ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ማንጠፍም ስፖንጁን ያቆየዋል። አጎዛ በበጋ ይመቻል፤ በዝናብ ጊዜ ግን ውሃ ስለሚይዝ መነሳት አለበት።

ብዙ ጊዜ በመቀመጫው የሚሳበበው ችግር ከሌላ ቦታም ይመጣል። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ፣ ያለቀ ሾክ ወይም ለጭነቱ ያልተስተካከለ ሞላ ካለ ምርጥ መቀመጫም አያድንም። በየሰዓቱ ወርዶ ጥቂት መራመድና በጉድጓድ ላይ በእግር መርገጫው ከፍ ብሎ መቆም ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ የምቾት መንገዶች ናቸው።

ደግሞ ይዩ

- ሞተር ሳይክል
- ቦንጋ
- የካፋ ዞን
- የበቅሎ ኮርቻ
- የሸማቾች ጥበቃ