የጥር ጽጌረዳ

ለገሃር የሚለው ስም የመጣው «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጣቢያው ሕንፃ አገልግሎት የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ነው። እኔ የምተዳደርበት የአበባ ዲኮርም ቃላቱ ባሕር ማዶ ናቸው፦ ሙሽራዋ የምትይዘው «ቡኬ» ፈረንሳይኛ፣ የምትለብሰው «ቬሎ» ጣሊያንኛ።

አበባ መውደዱ ግን የኛው ነው። እቴጌ ጣይቱ ከተማዋን አዲስ አበባ ያሏት ከባቡሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ አደይ ይዘው ይዞራሉ፤ ቡና ሲፈላ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። አዲሱ ነገር አበባን አሰናድቶ እንጀራ መብላት ነው።

በ1990ዎቹ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ የጽጌረዳ እርሻዎች ተስፋፉ። ኢትዮጵያም በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ሆነች። ታዲያ ለኛ አበባ እንደልብ ነው? አይደለም። የሰርጋችን ወር ጥር ነው፤ ዐቢይ ጾም ከገባ የኦርቶዶክስ ሰርግ ለ55 ቀን ይቆማል። ፈረንጆቹ ደግሞ የፍቅረኞች ቀናቸውን የሚያከብሩት የካቲት 7 ነው። እንግዲህ እኛ ጽጌረዳ በምንፈልግበት ሰሞን፣ ምርጡ በቦሌ በኩል ወደ ሆላንድ ይበራል። ለኛ አንገቱ ያጠረው፣ ወይ ቀድሞ የፈካው ይተርፋል።

ሙያው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የማውቃቸው ዲኮር ሠሪዎች አብዛኞቹ የተማሩት እንደ እኔ ሰው ሥር ሆነው ነው። መጀመሪያ እሾህና ቅጠል ማራገፍ፤ ውኃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብሳልና። ቀጥሎ ግንዱን በስለት አግድም ሳይሆን ሰያፍ መቁረጥ። ከዚያ አበባን ከበሰለ ሙዝ ማራቅ፤ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ ያጠወልገዋል። አጭሩን ጽጌረዳ ለጠረጴዛ፣ የፈካውን ለዛሬ ማታ፣ እንቡጡን ለነገ መመደብ ደግሞ በመጨረሻ የሚመጣ ዕውቀት ነው።

ችግሩ ሥራ ስንፈልግ ነው። ክፍያው በዝግጅት ነው፤ በጥር እንቅልፍ የለም፣ በጾም ሥራ የለም። ቋሚ ቅጥር ፍለጋ ሆቴል ስትሄድ «ሰርተፍኬት አለሽ?» ትባያለሽ። ያለሽ ስልክሽ ውስጥ ያለ ፎቶ ነው፤ እሱም ያንቺ እጅ ይሁን የአሠሪሽ አይናገርም።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለገሃር ፕሮጀክት 36 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው፤ በእቅዱ ሆቴሎችም አሉበት። የሚያምር አዳራሽ አበባ ይፈልጋል፣ ቀጣሪው ደግሞ ወረቀት። ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና በልምድ የተማረን ሰው የሚመዝንበት መንገድ አለው። የአበባ እጅም በዚያ በር ሊገባ ይገባል። አለበለዚያ ጽጌረዳውን ለውጭ እንደሸጥን፣ አዳራሹንም ለማስዋብ ከውጭ ሰው እናመጣለን፤ በአበባ ስም በተጠራች ከተማ።