አቡ ዘይድ አል-በልኺ እና የነፍስ ሕክምና

ከቤተሰባችን አንዱ ትኩሳት ሲይዘው ወደ ሐኪም እንሮጣለን፤ ጎረቤትም እየመጣ ይጠይቀዋል። ያው ሰው ያለ ምክንያት ሲተክዝ፣ ወይም ዉዱኡን ደጋግሞ «አልሆነልኝም» ሲል ግን በር ዘግተን እንደብቀዋለን። «ኢማኑ ደክሞ ነው» የሚልም አይጠፋም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረ አንድ ሙስሊም ሊቅ ነገሩን እንዲህ አላየውም።

አቡ ዘይድ አል-በልኺ በ235 ዓ.ሂ (850 እ.ኤ.አ) ገደማ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን በምትባለው አገር፣ በበልኽ ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ዒራቅ ተጉዞ ከፈላስፋው አል-ኪንዲ ተማረ። አል-ኪንዲ ሐዘንን ስለማስወገድ በጻፈው ድርሳን፣ ሰው የሚያዝነው ጠፊውን ዓለም እንደማይጠፋ አድርጎ ሲይዝ ነው ይላል። አል-በልኺ ይህን ፍልስፍና ወስዶ ለሕክምና አዋለው።

«መሳሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተሰኘው መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ስለ አካል፣ ሌላው ስለ ነፍስ። ሰው ከሁለቱም የተሠራ ስለሆነ ሁለቱም ይታመማሉ፤ ሐኪሞች ግን ነፍስን ረስተዋታል ሲል ይወቅሳል። በነፍሱ ክፍል ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘንና ስለ ወስዋስ ለየብቻ ጽፏል።

ሐዘንን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ ዘመድ መሞት፣ ንብረት መጥፋት። ሌላው ምክንያቱ የማይታወቅ ሲሆን፣ ይህኛው ከደም መበላሸት ይመጣል ብሎ የአካል መድኃኒትም ይሻለታል። የደሙ ነገር ዛሬ ባይሠራም፣ ያለ ምክንያት የሚመጣን ትካዜ ከሰውነት ጋር ማያያዙና በሽተኛውን አለመውቀሱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ፍርሃትን ሲያስረዳ ጉም አይቶ የማያውቅ የበረሃ ዐረብን ያነሣል። ሰውየው ጉሙን ከሩቅ ሲያየው መንገድ የዘጋ ግድግዳ ይመስለዋል፤ ሲገባበት እርጥብ አየር ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ጤነኛ ሰው ለክፉ ቀን መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በረጋ ጊዜ መልካም ሐሳቦችን አሰናድቶ ይቆይ ይላል።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ) አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ የተጣመመ ሐሳብን በማቅናት ትካዜን የማከም ዘዴ አስፋፋ። የአል-በልኺ መጽሐፍ ያኔ በኢስታንቡል በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ነበር፤ የዚያ ቅጂ በፍራንክፈርት የታተመው በ1984 እ.ኤ.አ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ወስዋስ ነው። እዚያ ላይ አል-በልኺ በሽተኛው ብቻውን እንዳይተው፣ ከሰው መካከል እንዲውል አጥብቆ ይመክራል።