የዘንጉ ንባብና የወንዙ ወለል፤ ከሮዳ ደሴት እስከ ጉማራ ድልድይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ተከትሎ የሚጓዝ መንገደኛ፥ በደራ ወረዳ የምትገኘውን የሐሙሲትን ከተማ አልፎ ወረታ ከመድረሱ በፊት የጉማራን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ወንዙ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥቶ፥ የደቡብ ጎንደርን ደጋ አቋርጦና የፎገራን ሜዳ ሰንጥቆ ወደ ጣና የሚገባ ሲሆን፥ ከርብ፥ ከመገጭና ከግልገል ዓባይ ጋር ሐይቁን ከሚመግቡት አራት ዋና ዋና ወንዞች አንዱ ነው። በዚሁ ስፍራ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የውሃው ከፍታ በመለኪያ ዘንግ እየተነበበ ሲመዘገብ ቆይቷል። ጧትና ማታ አንድ ቁጥር፤ በዓመት ከ700 በላይ ቁጥር። ከዚህ የበለጠ ቀላል የሚመስል ሥራ የለም። ነገር ግን ይህን የመሰለ መዝገብ ለማንበብ የተደረገው ጥረት በስታቲስቲክስ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ የያዘ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ድርጊቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የአገር ውስጥ ድርጊቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልክተዋል።)

ታሪኩ የሚጀምረው የጉማራ ውሃ በመጨረሻ ከሚደርስበት ከግብፅ ነው። በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት የሚገኘው የዓባይ ውሃ መለኪያ ዛሬ የሚታየው ሕንፃ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ861 ሲሆን፥ ከዚያ ስፍራ ጋር የተያያዘው የዓመታዊ ከፍታ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ622 ይጀምራል። መዝገቡ የተያዘው ለትምህርት ተብሎ አልነበረም። ውሃው 16 ክንድ መድረሱ የመሬት ግብር የሚጣልበት ምልክት ስለ ነበረ፥ ቁጥሩ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። ልዑል ዑመር ቱሱን እ.ኤ.አ. በ1925 ይህን አኃዝ ሰብስቦ በማሳተሙ ሊቃውንት በእጃቸው አስገቡት። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. ከ622 እስከ 1284 ያለው የ663 ዓመታት የዝቅተኛ ውሃ ዝርዝር በዓለም የስታቲስቲክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆነ።

በዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ልዩነት አለ። በበጋ ወደ ግብፅ የሚደርሰው ዝቅተኛ ውሃ አብዛኛው የነጭ ዓባይ ነው። የክረምቱ ሙላት ግን ከሞላ ጎደል ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። ስለዚህ የሮዳው የከፍተኛ ውሃ መዝገብ በሌላ አገር የተጻፈ የኢትዮጵያ ክረምት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን መዝገብ ለአዲስ ጥያቄ ያዋለው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ኤድዊን ኸርስት ነው። ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1880 ተወልዶ በ1906 ወደ ግብፅ ሄደ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም የዓባይን ውሃ ሲያጠና ኖረ። የቀረበለት ጥያቄ የመሐንዲስ ጥያቄ ነበር፤ የጥጋቡን ዓመት ውሃ ለድርቁ ዓመት አቆይቶ በየዓመቱ እኩል ለማከፋፈል የሚያስችል ግድብ ምን ያህል ውሃ መያዝ አለበት? መልሱን ለማግኘት የየዓመቱ ፍሰት ከአማካዩ ያለው ልዩነት እየተደመረ ሲሄድ የሚደርስበት ከፍተኛና ዝቅተኛ ልክ ይፈለጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት የሚያስፈልገው የማጠራቀሚያ መጠን ነው።

ዓመታቱ አንዱ ከሌላው ጋር ግንኙነት የሌላቸው ቢሆኑ ኖሮ፥ ይህ ስፋት በዓመታቱ ቁጥር ካሬ ሥር ልክ ማደግ ነበረበት። ዊልያም ፌለር እ.ኤ.አ. በ1951 በንድፈ ሐሳብ እንዳረጋገጠው፥ ለ100 ዓመት የሚጠበቀው ስፋት የዓመታዊው ፍሰት መደበኛ ልይይት 12.5 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ኸርስት በዚያው ዓመት ባሳተመው ጥናት ግን የዓባይን ብቻ ሳይሆን የሌሎች ወንዞችን፥ የዝናብን፥ የዛፍ ግንድ ቀለበትንና የሐይቅ ደለልን መዝገብ መርምሮ፥ የእድገቱ መጠን በግማሽ ኃይል ሳይሆን በአማካይ በ0.73 ኃይል ሆኖ አገኘው። በእርሱ ቀመር ሲሰላ ለ100 ዓመት የሚያስፈልገው ስፋት 17.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፥ ግድቡ ወደ 40 በመቶ ያህል መተለቅ አለበት ማለት ነው።

የዚህ ምክንያት ጥሩ ዓመታት ከጥሩ ዓመታት፥ ክፉ ዓመታት ከክፉ ዓመታት ጋር ተጎዳኝተው የሚመጡ መሆናቸው ነው። ቤኖይት ማንደልብሮትና ጄምስ ዎሊስ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን ጠባይ ከኦሪት ዘፍጥረት ቃል ተውሰው የዮሴፍ ውጤት ብለው ሰየሙት፤ ሰባት የጥጋብ ዓመት፥ ሰባት የራብ ዓመት። ድንገተኛውንና ከልክ ያለፈውን ሙላት ደግሞ የኖኅ ውጤት አሉት። ማንደልብሮት ይህን ረጅም ትዝታ በሒሳብ ቀመር ሲገልጸው፥ ቪት ክሌሜሽ ግን እ.ኤ.አ. በ1974 ከባድ ጥያቄ አነሣ። አማካዩ ራሱ በየጊዜው ቦታውን የሚለውጥ ከሆነ፥ ምንም ረጅም ትዝታ ሳይኖር ያው የኸርስት ቁጥር ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ ከቁጥሩ ብቻ ተነሥቶ ምክንያቱን ማወቅ አይቻልም፤ ቁጥሩ የመጣበትን ስፍራ ማወቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህ ነጥብ ወደ ጉማራ ድልድይ ይመልሰናል። ዘንጉ የሚያሳየው የውሃውን ከፍታ እንጂ የውሃውን ብዛት አይደለም። ብዛቱን ለማወቅ ባለሙያ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ወይም ከድልድይ ላይ ሆኖ የውሃውን ፍጥነትና የወንዙን ስፋትና ጥልቀት ይለካል። በልዩ ልዩ ከፍታ የተደረገው ልኬት በአንድ መሥመር ተያይዞ፥ ከዚያ በኋላ የዕለት ከፍታ ሁሉ በዚሁ መሥመር እየተመነዘረ ወደ ፍሰት ይለወጣል። ዘዴው የሚያገለግለው ግን የወንዙ ወለል ባለበት እስከ ቆየ ድረስ ብቻ ነው።

የጉማራ ወለል ባለበት አልቆየም። በመለኪያ ጣቢያው ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፥ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2009፥ ማለትም ከ1955 እስከ 2001 ዓ.ም. ገደማ፥ የወንዙ ወለል ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ከፍ ብሏል። ከደጋው የታጠበው አፈር ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አጥቶ በወንዙ መውረጃ ውስጥ ተከማችቷል። ውጤቱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ያው የውሃ መጠን ከፍ ባለ ወለል ላይ ሲፈስ በዘንጉ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ይህ ቁጥር በአሮጌው መሥመር ከተመነዘረ፥ ያልጨመረው የበጋ ውሃ የጨመረ ይመስላል። ሁለተኛ፥ መውረጃው ስለ ጠበበ የክረምቱ ሙላት ከዳር እየፈሰሰ በሜዳው ላይ ይበተናል፤ የተበተነው ውሃ ደግሞ በዘንጉ አጠገብ ስለማያልፍ በመዝገቡ አይገባም። እንግዲህ ያው ስሕተት በበጋ ቁጥሩን ሲያበዛ፥ በክረምት ሊያሳንሰው ይችላል ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራና የሊቦ ከምከም ገበሬዎች ከቤታቸው የተፈናቀሉበት ጎርፍ፥ መውረጃው የጠበበ ወንዝ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በግልጽ ያሳየ ነው።

የጣና ሐይቅ መዝገብም ሌላ ዓይነት ለውጥ ይዟል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠርቶ፥ በ1993 ዓ.ም. በሮቹ ተጨመሩለት። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የማይቋረጥ ውሃ መስጠት ነበር። ከዚያ በፊት የሐይቁ ከፍታ በክረምት እየጨመረ በበጋ እየቀነሰ በተፈጥሮ ሥርዓት ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሰው እጅ ገባበት። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከመዝገቡ ሁሉ ዝቅተኛ ወደ ሆነው ልክ ወርዶ የጀልባና የመርከብ ጉዞ ተስተጓጎለ። በዚያው ወቅት ዝናብም አንሶ ነበር። የጣና በለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ደግሞ የሐይቁ ውሃ ከፊሉ በዋሻ ወደ በለስ ስለሚሄድ፥ በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው ፍሰት ብቻውን የሐይቁን ሁኔታ አይገልጽም።

ጆርጅ ቦክስና ጆርጅ ቲያኦ እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረቡት ዘዴ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የታሰበ ነው። ዘዴው ለውጡ የደረሰበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ከዚያም ከለውጡ በፊት የነበረውን ጠባይ አጥንቶ፥ ለውጡ የጨመረውን ወይም የቀነሰውን ለይቶ ያወጣል። የ1995ቱ ዝቅታ ምን ያህሉ የዝናብ፥ ምን ያህሉ የበሮቹ እንደሆነ ለመመለስ የሚቻለው፥ የዝናቡና የበሮቹ መዝገብ ከሐይቁ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ቀኑ ያልተጻፈ ለውጥ ግን በየትኛውም ዘዴ ሲታይ ከተፈጥሮ ለውጥ ጋር ይምታታል።

እንግዲህ በአንድ የጊዜ ተከታታይ አኃዝ ውስጥ የሚታይ አዝማሚያ ከሦስት ምንጭ ሊመጣ እንደሚችል ከዚህ ታሪክ እንረዳለን፤ ከተፈጥሮ ራሷ፥ ከሰው ሥራ፥ ከመለኪያውም ሁኔታ። ኸርስት ከሮዳ ያገኘው ረጅም ትዝታ የመጀመሪያው ነው፤ የጨረጨራ በሮች ሁለተኛው፤ የጉማራ ወለል ደግሞ ሦስተኛው ነው። ሦስቱም በወረቀት ላይ ሲሳሉ አንድ ዓይነት መሥመር ናቸው። የፎገራ ሩዝ አምራች ገበሬ በበጋ ምን ያህል ውሃ በመስኖ ሊያገኝ እንደሚችል፥ የወንዙ ዳር ክትር ምን ያህል መክበድ እንዳለበት የሚወሰነው ግን መሥመሩ የየትኛው እንደሆነ በመለየት ነው።

በመሆኑም ጧትና ማታ ዘንጉን የሚያነበው ሰው ሥራና በየጊዜው ወለሉን ዳግመኛ የሚለካው ባለሙያ ሥራ የማይነጣጠሉ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥሩን ይሰጣል፤ ሁለተኛው ቁጥሩ ዛሬም ትናንት የነበረውን ትርጉም እንደያዘ ያረጋግጣል። የሮዳ ጠባቂዎች ያቆዩት መዝገብ ከሺህ ዓመት በኋላ ለማያውቁት ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። የጉማራ መዝገብ ገና ወጣት ነው፤ ከጎኑ የወለሉ፥ የበሮቹና የመሥመሩ ለውጥ ቀን በታማኝነት እየተጻፈ ከሄደ፥ ነገ ለሚመጣው ጠያቂ እርሱም መልስ የሚሰጥ ይሆናል።