ጣናን ትተው ወደ ጉማራ ጅረቶች የሚወጡ ዓሦች

ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና ሐይቅ የሚገባው የጉማራ ወንዝ በበጋ ሲታይ እምብዛም ዓይን አይስብም። ገባር ጅረቶቹማ አብዛኞቹ በእግር የሚሻገሯቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ የሚወጣ ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን የሚጥለው በእነዚሁ ጅረቶች ነው።

በጥቅል ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዝርያ አይደለም። ተመራማሪዎች በጣና 15 ዝርያዎቹን ለይተዋል። 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ ስለሌለ፣ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ተለይተው የኖሩ ናቸው። ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው ይበላሉ፤ የዚህ ወገን ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ያስደንቃል።

ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጉዟቸው ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ዝርያ ሲመለስ ሌላው ይተካል። የዋናውን ወንዝ ደፍራሽ ውኃ አልፈው ጥልቀት የሌለው፣ የጠራና ፈጥኖ የሚፈስስ ጠጠራማ ጅረት ይፈልጋሉ። በጠጠሩ መካከል የተጣለው ዕንቁላል የሚፈለፈለው የሚያልፈው ውኃ አየር ሲያደርስለት ነው። ከማሳ ታጥቦ የመጣ ደለል ጠጠሩን ከደፈነው ታፍኖ ይቀራል። ለግንባታ ተብሎ ጠጠሩ ከተነሣም መጣያው ራሱ ይጠፋል።

ከደለሉ ይልቅ የከበደው ግን የመረብ ጉዳት ነው። በ1978 ዓ.ም. በሞተር ጀልባ የሚካሄድ ዓሣ ማስገር በጣና ከተጀመረ ወዲህ፣ በነሐሴና በመስከረም ዓሦቹ ለመውጣት በወንዙ አፍ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣ መጠን በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በጥናት ተመዝግቧል። ቀረሶ በሐይቁ ውስጥ ስለሚራባ ይህን ያህል አልተጎዳም። ነጭ ዓሣ ግን ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል፤ በወንዙ አፍ የሚያዘውም ዕንቁላሉን ከመጣሉ በፊት ነው።

በአንዳንድ ጅረቶች የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ ይጨመራል። መርዙ ትልቁን ዓሣ ከጫጩቱ አይለይም፤ ሰው የሚለቅመው ትልልቁን ብቻ ሲሆን የቀረው ከውኃው ጋር ይወርዳል። ከዚህ የተረፉት ጫጩቶች ዝናቡ ካባራ በኋላ በጅረቱ ኩሬዎች ይቆያሉ። ያን ጊዜ ደግሞ የመስኖ ፓምፖች ከዚያው ኩሬ ውኃ መሳብ ይጀምራሉ።